ለፖስተር ብሎ ቪየና ድረስ መሄድ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። በጂኦሎጂ ማስተርሴን ጨርሼ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ። ፈንታሌና ዶፈን በተባሉት እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬቱ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ በሳተላይት መረጃ ሠርቼ፣ ቪየና ለሚካሄደው የአውሮፓ ጂኦሳይንስ ኅብረት ዓመታዊ ጉባኤ አብስትራክት (የሥራዬን አጭር መግለጫ) ልኬ ነበር። ተቀብለውኛል፤ ግን ለፖስተር፣ ማለትም ሥራዬን በትልቅ ወረቀት አትሜ እንድሰቅል እንጂ ለንግግር አይደለም። በዚያው ሰሞን ሌላ አገር ከሚዘጋጅ ኮንፈረንስ ‹የክብር ተናጋሪ ሆነው ይምጡልን› የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። መመዝገቢያው 750 ዶላር ነው። ዲፓርትመንታችን መሸፈን የሚችለው የአንዱን ብቻ ነው። ባልደረቦቼ ‹ወረቀት ለመስቀል ብለሽ ቪየና ድረስ?› ይሉኛል። የቱ ይሻለኛል? ቪየና ከሆነስ እንዴት ልዘጋጅ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ቪየና ሂጂ። ለኢሜይሉ መልስ አትስጪ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከኢሜይሉ ልጀምር፤ ብዙ ወጣት መምህራን ገንዘባቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። የደረሰሽን አላየሁትም። መሰሎቹ ግን በየሳምንቱ ይደርሱኛል። «ክቡር ፕሮፌሰር» ብለው ይጀምራሉ። ሥራህን በአድናቆት አንብበናል ይላሉ፤ የትኛውን ሥራ እንዳነበቡ ግን አይናገሩም። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጂኦሎጂ፣ ነርሲንግና ማርኬቲንግ ጎን ለጎን ተደርድረው ታገኛለሽ። አብስትራክት ከላክሽ በሁለት ቀን «ተቀባይነት አግኝቷል» ይሉሻል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ስለ ክፍያ ነው።

ክፍያ መጠየቁ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ትልልቆቹ ጉባኤዎች ላይ ተጋብዞ የሚናገር ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ ከፍሎ ነው የሚገባው። ስለዚህ ሌላ ነገር እዪ። አዘጋጁ አባላት ያሉት፣ መሪዎቹን የሚመርጥ የሙያ ማኅበር ነው? ወይስ ድረ ገጽ ብቻ ያለው ድርጅት? ያለፈው ዓመት ፕሮግራም ተሟልቶ ተቀምጧል? ከተቀመጠ ክፈቺውና ስሞቹን ተመልከቺ። በቴሲስሽ መጨረሻ ከጠቀስሻቸው ሰዎች አንድም እዚያ ከሌለ፣ አንቺም እዚያ ሥራ የለሽም። የተጠራሽበት «ክብር» ሲቪሽ ላይ ለአንድ ዓመት ያምር ይሆናል። በኋላ ግን ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሲያነበው ይጎዳሻል።

አሁን ወደ ፖስተሩ ልምጣ። ባልደረቦችሽ ፖስተር የጀማሪ ነው የሚሉት በክፋት አይመስለኝም። አገራችን ውስጥ ጉባኤ ሲባል የምናውቀው መድረክ፣ ማይክሮፎንና የክብር እንግዳ ነው። ፖስተር ኮሪደር ላይ ተለጥፎ ሰው ሳያየው የሚነሳ ነገር ሆኖብናል። ቪየና ላይ እንደዚያ አይደለም።

ኅብረቱ የተመሠረተው በ2002 ሁለት የአውሮፓ ማኅበራት ተዋህደው ነው። ከ2005 ጀምሮ ጉባኤው ቪየና ላይ ይካሄዳል፤ በወረርሽኙ ጊዜ በ2020 እና በ2021 ብቻ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ነበር። በ2024 በአካል የተገኘው ሰው ከ18 ሺህ በላይ ነበር። እንዲህ ባለ ጉባኤ ላይ አንድ ንግግር ከነጥያቄው 10 ደቂቃ ገደማ ነው የሚሰጠው። ተናጋሪው ይጨርሳል፣ አንድ ሁለት ሰው ይጠይቀዋል፣ ቀጣዩ ይወጣል። ፖስተር ያለው ሰው ግን ሥራው ፊት ለፊት አንድ ሰዓት ከምናምን ይቆማል። ወደ እሱ የሚመጣው ደግሞ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ነው። ሁሉም መድረክ ላይ አይወጣም፤ የታወቁ ፕሮፌሰሮችም ፖስተር ይዘው ቆመው አይቻለሁ።

የራሴን ልንገርሽ። የመጀመሪያዬን ፖስተር ይዤ ቪየና የገባሁት የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ ነው። መመሪያውን በደንብ አላነበብኩም ነበር። የእዚያ ጉባኤ ቦርድ ወደ ጎን የሰፋ ነው፤ 197 በ100 ሴንቲሜትር። እኔ ያሳተምኩት ወደ ላይ የቆመ ኤ ዜሮ ነው፤ ቁመቱ 119 ሴንቲሜትር። የታችኛው 19 ሴንቲሜትር ከቦርዱ ተርፎ ተንጠለጠለ። መደምደሚያዬ ደግሞ ያለው እዚያ ላይ ነበር። በጣም አዘንኩ። ጎረቤቶቼ የሰቀሉትን እያየሁ ጥዬ ልሄድ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ግማሽ ሰዓት ያህል ማንም አልመጣም። ከዚያ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው መጡ። ሰላምታ አልሰጡኝም። ጎንበስ ብለው የተንጠለጠለውን ጫፍ በእጃቸው ያዙና አነበቡ። ቀና አሉ። በሳተላይት መረጃ በሠራሁት ካርታ ላይ ቀይ የሆነው ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ «ሳተላይቱ ከየት በኩል ሆኖ ነው ያየው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «በሌላው በኩል ሲያልፍ ያነሳውስ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄያቸው ቀላል ይመስላል፤ የአንቺም ሥራ ላይ ስለሚመጣ ላብራራው። የራዳር ሳተላይት መሬትን ቀጥ ብሎ ከላይ አያይም፤ በአግድሞሽ ነው የሚያየው። የሚለካውም መሬቱ ወደ እሱ መቅረቡን ወይም ከእሱ መራቁን ነው። መሬቱ «ራቀ» ሲል ወደ ታች ሰጥሞ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ጎን ተንሸራትቶም ሊሆን ይችላል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተነሳ ምስል ሁለቱን አይለይም። ሳተላይቱ ወደ ሰሜን ሲያልፍ ያነሳውንና ወደ ደቡብ ሲያልፍ ያነሳውን ስታጣምሪ ነው መስመጡ ከመንሸራተቱ የሚለየው። እኔ «ሰጠመ» ብዬ የጻፍኩት ቦታ ግማሹ ወደ ጎን የሄደ ነበር። ሌላኛው ምስል ደግሞ ማንም በነጻ የሚያወርደው ነው፤ ማከማቻው ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። ሰውዬው አርባ ደቂቃ ያህል አብረውኝ ቆሙ። ጥያቄያቸው የቴሲሴ ሦስተኛ ምዕራፍ ሆነ። ንግግር ቢሰጠኝ ኖሮ በአስር ደቂቃ ውስጥ ያ ጥያቄ አይነሳም ነበር። ቢነሳም «ወደፊት እናየዋለን» ብዬ ከመድረክ እወርድ ነበር።

ለፖስተር መሄድ ያዋጣል የምልሽ በዚህ ምክንያት ነው። አገር ቤት ሆነን የሚጎድለን ብዙ ጊዜ መረጃው አይደለም፤ መረጃውን አንድ ሰሞን ይዞት የከረመ ሰው አጠገባችን ቆሞ ጣቱን ካርታው ላይ አለማድረጉ ነው።

ወደ ዝግጅቱ ልግባ።

ርዕሱ ላይ ጊዜ አጥፊ። እዚያ ሰው የሚመርጠው በርዕስ ነው። በ1967 የጸደይ ወራት ዋሽንግተን ላይ በተደረገው የአሜሪካ ጂኦፊዚክስ ኅብረት ስብሰባ፣ አሜሪካዊው ጄሰን ሞርጋን የምድር ገጽ በጥቂት ግትር ቁርጥራጮች (ፕሌቶች) የተከፋፈለ መሆኑንና እንቅስቃሴያቸውም በስሌት የሚታወቅ መሆኑን ተናገረ። ዛሬ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የምናስተምረው ነገር ነው። ግን አስቀድሞ ያስገባው አብስትራክት ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር። እንግሊዛዊው ዳን ማኬንዚ እዚያው ስብሰባ ላይ ነበር። አብስትራክቱን አንብቦት ስለነበር ንግግሩን ሳይሰማ ወጣ። በኋላ እሱ ራሱ ለብቻው ወደዚያው ሐሳብ ደርሶ፣ ከሮበርት ፓርከር ጋር በዚያው ዓመት መጨረሻ አሳተመ። የሞርጋን ጽሑፍ በ1968 ወጣ። የአንድ ንግግር ማስታወቂያና ይዘቱ ባለመገጣጠማቸው፣ ነገሩ ይበልጥ የሚመለከተው ሰው ሳይሰማው ቀረ።

ስለዚህ ፖስተርሽ ላይ «በፈንታሌ አካባቢ የመሬት እንቅስቃሴ ጥናት» ብለሽ አትጻፊ። ያገኘሽውን ጻፊ። ከመሬት በታች የገባው ቅልጥ አለት በስንት ወር ውስጥ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ? ወደ የትኛው አቅጣጫ? ርዕሱ ይህን ይናገር። ሰው ሦስት ሜትር ርቆ ሲያልፍ አንብቦ መቆም አለበት። ጽሑፉን ቀንሺ፤ ከዚያም እንደገና ቀንሺ። መሃል ላይ አንድ ትልቅ ካርታ ይኑር። ካርታው ላይ ስንጥቆቹንና የሳተላይቱን ቀለም ብቻ አትተዪ። መተሐራን፣ አዋሽን፣ የበሰቃን ሐይቅ፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን መንገድና የባቡር ሐዲድ፣ የከሰምን ግድብ አስገቢ። ቪየና ላይ ያለው ሰው ያንን ቦታ የሚያውቀው በቀለም ነው። አንቺ የምታውቂው በአስፋልቱ ነው። ይህን ማንም ከአንቺ የተሻለ አያሳይም።

ከመሄድሽ በፊት ሥራሽን ለሦስት ሰው አስረጂ። አንዱ ጂኦሎጂ የማያውቅ ይሁን፤ እናትሽ ብትሆን ጥሩ ነው። በሁለት ደቂቃ ካልገባቸው ችግሩ እነሱ ጋ አይደለም። እንግሊዝኛሽ አያስጨንቅሽ። ጉባኤው ላይ ያለው አብዛኛው ሰው አፉን የፈታው በሌላ ቋንቋ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገርን ሰው ያመሰግናሉ።

ፕሮግራሙ ሲወጣ ቁጭ ብለሽ ፈልጊ። ሥራቸውን ካነበብሻቸው ሰዎች ውስጥ እዚያ የሚገኙትን አምስቱን ምረጪ። አጭር ኢሜይል ላኪላቸው፦ ማን እንደሆንሽ፣ ምን እንዳገኘሽ፣ ፖስተርሽ በየትኛው ቀንና ቦርድ እንደሚሰቀል፣ እና አንድ ጥያቄ። አራት መስመር ይበቃል። ሁለቱ ከመጡ ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄው ግን የእውነት የከበደሽ ይሁን። ለማወቅ የፈለግሽውን አንድ ነገር ይዘሽ ሂጂ። ሰውን ለመተዋወቅ ብቻ የሚመጣና እውነት ጥያቄ ያለው ሰው በአንድ ደቂቃ ይለያሉ።

ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ፖስተርሽን አይቶ «ደስ የሚል ነው፣ መረጃውን ላኪልኝና አብረን እንሠራለን» የሚልሽ ሰው ይኖራል። አብዛኞቹ ቅን ናቸው። የሳተላይቱ ምስል የሁሉም ነው። አንቺ መስክ ወርደሽ የለካሽው ስንጥቅ፣ ከአርብቶ አደሮቹ የሰበሰብሽው ቀንና ቦታ ካለ ግን የድካምሽ ውጤት ነው። እዚያው ቆመሽ እሺ አትበዪ። «ከአማካሪዬ ጋር ተነጋግሬ እጽፍልዎታለሁ» በይ። ከዚያ በጽሑፍ ጠይቂ፦ ጽሑፉን ማን ይመራል? የእኔ ስም የት ይገባል? መስክ ላይ አብረውኝ የሠሩትስ? ስለ አፋርና ስለ ስምጥ ሸለቆአችን ብዙ ጽሑፍ ሲወጣ፣ መኪናውን የነዳው፣ መንገዱን የመራው፣ መሣሪያውን ሌሊት የጠበቀው ሰው ምስጋና ላይ እንኳ ሳይጠቀስ የቀረበት ጊዜ አለ። የእኛ ትውልድ ይህን መቀየር አለበት። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ቁም ነገረኛ ተመራማሪ በመጠየቅሽ ያከብርሻል።

ቪዛው ላይ አትዘናጊ። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን የሸንገን ማመልከቻ ላይ ገደብ ጥሏል፤ መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ነው። ስለዚህ የተቀባይነት ደብዳቤው እንደደረሰሽ በዚያው ሳምንት ጀምሪ፤ የቀጠሮ ወረፋውም ሌላ ጊዜ ይበላል። የጉዞ መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የአሠሪ ደብዳቤሽ ላይ ደመወዝሽና ወደ ሥራ የምትመለሽበት ቀን በግልጽ ይጻፍ። ኤምባሲው አሁን የሚጠይቀውን ዝርዝር ደግሞ ከራሱ ከኤምባሲው አረጋግጪ፤ ከጓደኛ የተቀዳ ዝርዝር ብዙ ሰው አስቀርቷል። ቪዛ ከተከለከልሽ ሥራሽ አይሞትም፤ በኦንላይን መሳተፍ ይቻላል፣ አብስትራክትሽም በስምሽ ይወጣል። በአካል እንደመገኘት ግን አይሆንም፤ ይህን ልዋሽሽ አልፈልግም።

ለሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይህን ያዢ። ኅብረቱ ለወጣት ተመራማሪዎች የጉዞ ድጋፍ አለው፤ ምዝገባውንም ያነሳል። የድጋፉ ማመልከቻ ግን ከመደበኛው የአብስትራክት ቀን ቀድሞ ይዘጋል። አብስትራክት ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ሲዘጋ፣ ድጋፉ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው የሚያልቀው። በዚህች አንድ ወር ተኩል ገደማ ልዩነት ዕድሉ ያመለጣቸውን ብዙ ልጆች አውቃለሁ።

እዚያ ስትደርሺ ነገሩ ቀላል ነው። ከከተማው በዩ 1 ባቡር ተሳፍረሽ ካይዘርሙህለን ትወርጃለሽ፤ አዳራሹ የተባበሩት መንግሥታት ሕንጻዎች አጠገብ ነው። በአንድ ጊዜ በአስር የሚቆጠሩ ሰሽኖች ይካሄዳሉ። ሁሉንም ለማየት ከሮጥሽ አንዱንም አታዪም። በቀን ሁለት ምረጪና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀመጪ። የቀረውን ጊዜ የሌሎችን ፖስተር ስታዪ አሳልፊው። ለጀማሪዎች የሚሰጡ አጫጭር ኮርሶችም አሉ፤ አንዱን ግቢ። አንዳንድ ዓመት ጉባኤው ሁዳዴ ላይ ይወድቃል፤ በ2024 እንደዚያ ነበር። ጿሚ ከሆንሽ አትስጊ፣ የጾም ምግብ አይጠፋም። ምሽት ላይ ድካም ሳይጥልሽ ማስታወሻሽን ጻፊ፦ ማን ምን አለ፣ የትኛው ጽሑፍ ይነበብ። ሳምንት ካለፈ ይጠፋል።

የአገር ውስጡንና የአፍሪካውን ግን አትናቂ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። በአፕሪል 1974 ስለ አፋር ትልቅ ዓለም አቀፍ ሲምፖዚየም ተካሂዶ ነበር። የት መሰለሽ? ባድ በርግዛበርን በምትባል የጀርመን ትንሽ ከተማ ውስጥ። ለስድስት ቀን ስለ አፋር መሬት ተወራ። ሉሲ የተገኘችው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። የጉባኤው ጽሑፎች እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ፤ እኔም ተምሬባቸዋለሁ። ግን ነገሩ ሁሉ የሆነው ከአፋር በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ነው።

ከዚያ በ2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ የተባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ መሬት ተከፈተ። 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ቅልጥ አለት ገባ፤ መሬቱ በቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተራራቀ። ከዚያ ወዲህ ስለ መሬት መሰንጠቅ የሚወራበት ጉባኤ ሁሉ ስለ አፋር ያወራል። በጃንዋሪ 2012 ደግሞ ስለዚሁ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ኮንፈረንስ አዲስ አበባ ላይ ተደረገ። በዓመቱ፣ በጃንዋሪ 2013፣ 24ኛው የአፍሪካ ጂኦሎጂ ጉባኤ እዚሁ መጣ። ጉባኤ እዚህ ሲሆን አዳራሹን የሚሞላው ቪዛ የማያስፈልገው የእኛ ተማሪ ነው። እንዲህ ያለ ጥሪ ስታዪ ተማሪዎችሽን ይዘሽ ሂጂ።

ከቪየና ስትመለሺም ፖስተሩን ጠቅልለሽ ቁም ሳጥን ላይ አታስቀምጪው። ዲፓርትመንት ውስጥ ስቀይውና አንድ ከሰዓት ስለ እሱ ተናገሪ፤ «ወረቀት ለመስቀል» ያሉሽ ባልደረቦችሽም ይምጡ። ቢቻል አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፈሽ፣ አፋርኛና ኦሮምኛ በሚያውቅ ሰው አስተርጉመሽ፣ ለአዋሽ ፈንታሌና ለፈንታሌ ወረዳዎች ስጪ። በ2025 መጀመሪያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጥቶ የከረመው እዚያ ነው። መሬቱ ምን እንደሆነበት በቋንቋው ሊነገረው ይገባል።

የፖስተርሽን ረቂቅ ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ በደስታ አያለሁ። እስከዚያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ካርታሽ ላይ መሬቱ ሰጠመ ያልሽው ቦታ፣ ሳተላይቱ ከየት በኩል ሆኖ ያየው ነው? በሌላው በኩል ሲያልፍ ያነሳውንስ አውርደሽዋል?